ዕቃው ምን በደለ? አባ ራዲዮ ይመልሳል

የሂርማታው አባ ራዲዮ ነኝ። ስሙን ያወጡልኝ የሰፈር ልጆች ናቸው። እንደ አባ ጅፋር ፈረስ የለኝም፤ ያለኝ ካውያና ቴስተር ነው። ጅማ ላይ ሱቅ ከፍቼ መጠገን ከጀመርኩ 26 ዓመት ሆነኝ። በራዲዮና በቴፕ ጀመርኩ፣ አሁን ሞባይልና የመኪና ሪሞት ላይ ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ አረንጓዴ ሌዘር ይዞ ሱቅ መጣ። ቡና ላይ ክርክር ተነሣ። ለክፋት ሊውል የሚችል ዕቃ ሁሉ በሕግ ይከልከል ወይስ ይተው? እስኪ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። ሁለት ነገር ግን ከወዲሁ። ጠበቃ አይደለሁም። የመኪና ቁልፍ ኮፒም አላደርግም፤ አትጠይቁኝ።

የኪቶ ልጅ፦ ጋሼ፣ ሌዘሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። መጫወቻ እኮ ነው። መጫወቻ እንዴት ይከለከላል?

አባ ራዲዮ፦ አንተ ነህ? ጥሩ። መጫወቻ አይደለም። ቁልፍ ማንጠልጠያ ላይ ያለችው ቀይ ሌዘር ሌላ፣ ያንተ ሌላ። የተለጠፈበትን ወረቀት አትመን። ወረቀት ምንም ይችላል።

አረንጓዴው እንዴት እንደሚወጣ ልንገርህ። ውስጡ ያለው ዳዮድ አረንጓዴ አያበራም። የሚያወጣው ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ነው፣ የሞገድ ርዝመቱ 808 ናኖሜትር። እሱ አንድ ክሪስታል ውስጥ ሲገባ 1064 ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው ክሪስታል ግማሽ ያደርገዋል። 532፣ አረንጓዴ። የተረፈውን ኢንፍራሬድ የምታስቀር ትንሽ ማጣሪያ መስታወት ከፊት መኖር አለባት። ርካሹን የሚሠሩት ብዙ ጊዜ እሷን ይዘሏታል። ዓይንህ ደግሞ ያላየውን ብርሃን አይሸሽም፣ አይጨፈንም።

ቅዳሜ ያደረግነውን አስታውስ። አሮጌ ሲዲ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥን። ሌዘሩን ሲዲው ላይ ስናበራ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ተደረደረ። በዓይናችን ያየነው እሱን ብቻ ነው። በሞባይልህ የፊት ካሜራ ስናየው ግን ከአረንጓዴው ወጣ ብሎ ሌላ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነጠብጣብ ነበር። እሱ ማጣሪያ ያላስቀረው ኢንፍራሬድ ነው። ዝም ያልከው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። አውሮፕላን ማረፊያችን ከተማው አፍንጫ ሥር ነው። ሌዘር ከሩቅ ሲመጣ ይሰፋል፣ የአብራሪው መስታወት ላይ ሲያርፍ ደግሞ ይበተናል። ሰውዬው ሊያርፍ ሲል የሚያየው አረንጓዴ ብቻ ይሆናል። እንግሊዞች በ2018 እ.ኤ.አ. ሕግ አወጡ፤ አውሮፕላንም ሆነ አውቶቡስ የሚነዳ ሰው ላይ ያበራና ያጥበረበረ እስከ 5 ዓመት ይታሰራል። ኒውዚላንዶች ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. ከ1 ሚሊዋት በላይ የሆነ የእጅ ሌዘር እንደልብ እንዳይገባ ገደቡ። እኔን የእንግሊዙ ይሻለኛል። የሚይዘው ያበራውን ነው፤ ቀያሹንና አስተማሪውን አይነካም።

ባጃጅ 07፦ ስለዚህ ይከልከል ነው የምትለው?

አባ ራዲዮ፦ አላልኩም። ደግመህ አንብብ።

እኔ አንድ ዕቃ ሲመጣልኝ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ማንም ክፉ ባላሰበበት ቀን ይህ ዕቃ ምን ሲሠራ ይውላል? መልስ ካለው ሕጉ ዕቃውን ትቶ ሰውዬውን ይያዝ። መልስ ከሌለው ይከልከል።

ባጃጅ 07፦ እሺ። ፍሊፐር ዜሮ የሚሉትስ? ካናዳ ከለከለችው ሲባል ሰማሁ።

አባ ራዲዮ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። መዳፍ የምታክል፣ ስክሪኗ ላይ ዶልፊን ያላት መሣሪያ ናት። የቲቪ ሪሞት ትሆናለች፣ የበር ካርድ ታነባለች፣ የአጥር በር ሪሞት ትማራለች። ካናዳ የመኪና ሌብነት ሲበዛባት በፌብሩዋሪ 2024 ልትከለክላት እንዳሰበች ተናገረች። የደኅንነት ባለሙያዎች ጮኹ። በሚቀጥለው ወር «ለሕጋዊ ሥራ የሚጠቀሙትን አንነካም» ተባለ።

የጮኹት ወደው አይደለም። የዛሬ መኪና ሪሞት በተጫነ ቁጥር አዲስ ኮድ ነው የሚልከው። ቁልፉም መኪናውም እኩል ይቆጥራሉ። ትናንት የተቀዳ ኮድ ዛሬ አይሠራም። አንድ ደንበኛዬ ልጁ ቁልፉን ይዞ ቀኑን ሙሉ ሲጫን ዋለ። ማታ መኪናው አልከፍትም አለ። «ቁልፉ ሞተ» ብሎ አመጣልኝ። አልሞተም፤ ቆጠራው መኪናውን ጥሎ ሄዷል። መልሼ አስተዋወቅኳቸው፣ አለቀ።

በውጭ አገር ሌቦቹ የሚሠሩበት ሌላ ነው። አንዱ ቤት ውስጥ ያለውን ቁልፍ ሲግናል በአንቴና እየሳበ መኪናው ጋ ለቆመው ጓደኛው ያስተላልፋል። መኪናው ባለቤቱ የመጣ ይመስለዋል። አንዳንዱ ደግሞ የፊት መብራቱን ነቅሎ በሽቦው በኩል ይገባል። ፍሊፐርን ብትከለክል እነዚህ ሁለቱ ምን ሆኑ? ምንም። የተከለከለው የጠጋኙና የተማሪው ዕቃ ነው።

አሮጌ የአጥር በር ሪሞት ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። ኮዱ ሁልጊዜ ያው አንድ ነው። ለውጡት።

እንግዳ፦ ፍሊፐሩ ስንት ነው? ከየት ይገዛል?

አባ ራዲዮ፦ ቀጣይ።

የአጋሮው፦ እኔ የማይገባኝ እዚህ ላይ ነው። ገጀራ ከዚህ ሁሉ መሣሪያ በላይ ሰው ቆርጧል። ማንም ይከልከል አይልም።

እሙ፦ ገጀራ ከተከለከለ ቡናህን በጥርስህ ነው የምትመለምለው?

የአጋሮው፦ እሱን ነው የምለው! ገበሬ የሚያውቀው ዕቃ አይከለከልም። ሹም የማያውቀው ዕቃ ይከለከላል።

ባጃጅ 07፦ እንደዚያማ አይደለም። አዲስ አበባ በ2011 ክረምት መግቢያ ላይ ሞተር ሳይክል ከለከለች። ሞተር የማያውቅ ሹም አለ? ሌባ በሞተር ቦርሳ ይነጥቃል ተባለ፣ እንጀራውን በሞተር የሚበላው ሁሉ አብሮ ቆመ።

እሙ፦ የእህቴ ቦርሳ በሞተር ነው የተነጠቀው። አስፋልት ላይ ተጎትታለች። ያን ጊዜ ሲከለከል እልል ነው ያልኩት። ደግሞ ፈቃድ ያላቸው ቀጥለዋል።

ባጃጅ 07፦ ፈቃዱን ለማግኘት ሞክረሽ ታውቂያለሽ? ነገ ጅማ ላይ ባጃጅ ቢሉስ? ከአጂፕ እስከ ፈረንጅ አራዳ በእግርሽ ትሄጃለሽ?

እሙ፦ ታዲያ ምን ይደረግ? ታርጋ እንኳን የሌለው ሞተር በመንገዱ ሞልቶ ነበር።

የአጋሮው፦ ታርጋ ይለጠፍበታ! እንዴት ሙሉ ሞተር ይከለከላል?

አባ ራዲዮ፦ ባጃጁንና ሞተሩን ቡና ላይ ጨርሱ። ይህ የራዲዮ ሰው ጥያቄ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ፦ እሙ ያለችውን ታርጋ ልብ በሉ። ባለቤቱ የሚታወቅ ዕቃ ለሌባ አይመችም። ቀጣይ።

ሠርግ ቀራጭ፦ ድሮን ለሠርግ?

አባ ራዲዮ፦ ያለ ፈቃድ አታስነሣ። ሳትጠይቅም ከውጭ አታስመጣ። ጉምሩክ ላይ ይቀርብሃል። ሌላውን ፈቃድ ሰጪዎቹን ጠይቅ።

መምህሩ፦ አባ ራዲዮ፣ እኔ ደግሞ በተቃራኒው። ፈተና ክፍል ጃመር፣ የስልክ ሞገድ የሚያፍነው መሣሪያ፣ ቢተከል ኩረጃ በአንድ ቀን ይቀር ነበር። ለምን ነው የሚከለከለው?

አባ ራዲዮ፦ መምህር፣ ያንን ጥያቄዬን እዚህ ላይ ይጠይቁልኝ። ማንም ክፉ ባላሰበበት ቀን ጃመር ምን ይሠራል? ያፍናል። ሌላ ሥራ የለውም። የተማሪ ስልክና የሐኪም ስልክ አይለይም። ግድግዳ አይለይም። እርስዎ ክፍል 4 ላይ ሲተክሉት ከአጥሩ ባሻገር ምጥ የያዛት ሴት አምቡላንስ መጥራት ያቅታታል። አሜሪካኖች ጃመርን ለግል ሰው መሸጥም መጠቀምም የከለከሉት ለዚህ ነው። እዚህ ላይ እኔም ከከልካዮቹ ጋር ነኝ።

ደግሞ አይተነዋል እኮ። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ወጣ። በ2009 ፈተናው ሲሰጥ ኢንተርኔት በአገሩ ሁሉ ተዘጋ። ጥቂት ኮራጅ ለመያዝ ባንኩም፣ ነጋዴውም፣ እኔም ቆምን። ከ2015 ወዲህ ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ ስልክ በር ላይ ነው የሚቀረው። ፍተሻ ያደክማል፣ አውቃለሁ። ግን የሚነካው ሊፈተን የመጣውን ብቻ ነው።

ፋጤ፦ እኔ ልብስ ቤት ነው የምሠራው። እስክሪብቶ የሚመስል ካሜራ ገበያ ላይ አየሁ። ለበጎ ይውላል ይሉኛል። እውነት ነው?

አባ ራዲዮ፦ እህቴ፣ ለበጎ የሚቀርጽ ሰው ካሜራውን እስክሪብቶ አያስመስልም። ጀርመኖች ሕጋቸው ውስጥ ይህን ለይተው ይዘውታል። ሌላ ዕቃ መስሎ በስውር የሚቀርጽ ወይም ድምፅ የሚያስተላልፍ መሣሪያ መያዝ ራሱ ክልክል ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ኬይላ የምትባል ከኢንተርኔት የምትገናኝ አሻንጉሊት ሳይቀር ከለከሉ፤ ማይክሮፎን አላት፣ ብሉቱዟን ማንም ያለ ቁልፍ ይገባበታል ብለው። የገዙ ወላጆችን አሻንጉሊቷን እንዲያጠፏት ነገሯቸው። ሰው ይስቃል። እኔ አልሳቅኩም። ካሜራ አይከልከል፤ የተደበቀ ካሜራ ይከልከል። መለኪያ ክፍላችሁ ውስጥ መብራት አጥፍታችሁ በስልክ ባትሪ መስታወቱንና መስቀያውን ፈትሹ። ሌንስ መልሶ ያብለጨልጫል።

ጠበቃዋ፦ አባ፣ ልጆቹ «መያዝ አያስጠይቅም» ብለው እንዳይሄዱ። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅን፣ 761/2004ን፣ ይንገሯቸው።

አባ ራዲዮ፦ እግዜር ይስጥሽ። ይሄ ነው ቁስሌ።

አዋጁ የወጣው ለሲም ቦክስ ነው። የውጭውን ጥሪ በኢንተርኔት አምጥቶ በብዙ ሲም እንደ አገር ውስጥ ጥሪ የሚያስገባው ሳጥን። ሌላ ጥቅም የለውም ቢባል አልከራከርም። ግን አዋጁ የጻፈው «ሲም ቦክስ» ብሎ አይደለም። ማንኛውንም የቴሌኮም መሣሪያ ያለ ፈቃድ ማስመጣት፣ መገጣጠም፣ ለሽያጭ ማቅረብ ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው አለ። መያዝና መጠቀም ብቻውን ከ1 እስከ 4 ዓመት። ፈቃድ የማያስፈልጋቸው ዕቃዎች በመመሪያ ይለያሉ ይላል። እንግዲህ ጠጋኝ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ምንድን ነው? ዎኪ ቶኪ፣ አንቴና፣ የተፈታ ራውተር።

አሁን ከዚያ በኋላ የወጣውን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ፣ 958/2008ን ተመልከቱ። እሱ መሣሪያው ለወንጀል ብቻ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት ይላል። ያስመጣው ሰው ይህን እያወቀ መሆን አለበት። በመያዝ ለመጠየቅ ደግሞ ለወንጀል የማዋል ሐሳብ ይፈልጋል። «ብቻ» የምትለዋን ቃል አያችሁ? የእኔ ካውያ የሚድነው በእሷ ነው። በአራት ዓመት ልዩነት የወጡ የአንድ አገር ሁለት ሕጎች ናቸው። የመጀመሪያው ዕቃህን ያያል፣ ሁለተኛው አንተን ያያል።

ጠበቃዋ፦ ግን ሐሳብን ማስረዳት ለዐቃቤ ሕግ ከባድ ነው። ሕግ አውጪው መያዝን የሚከለክለው ለዚያ ነው። ቦምብ እስኪፈነዳ አይጠበቅም።

አባ ራዲዮ፦ ከባድ መሆኑን አልክድም። ግን ሸክሙ ወዴት ዞረ? አንዴ ከአዲስ አበባ አሮጌ ኦሲሎስኮፕ ገዝቼ ስመለስ ከጊቤ ወዲህ ኬላ ላይ ቦርሳዬ ተከፈተ። «ምንድን ነው?» «የሞገድ መለኪያ።» «ማን ፈቀደልህ?» ሁለት ሰዓት ቆምኩ። መኪናው ሙሉ ሰው በእኔ የተነሣ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። የለቀቁኝ ሕጉ ምን እንደሚል ተጠይቆ አይደለም። አብረውኝ የተሳፈሩ አንድ ሽማግሌ ወርደው «ይሄ ልጅ የእኔን ቴፕ የሠራ ነው፣ ተዉት» ስላሉ ነው። ሽማግሌው ባይኖሩስ?

ጠበቃዋ፦ እሱ የአፈጻጸም ችግር ነው፣ የሕጉ አይደለም።

አባ ራዲዮ፦ ፀሐይ ላይ ለቆመ ሰው ልዩነቱ አይታይም።

የኪቶ ልጅ፦ ጋሼ፣ ስለዚህ ሌዘሩን ልያዝ ወይስ ልተው?

አባ ራዲዮ፦ ከላይ ጽፌልሃለሁ! ማጣሪያ የለውም፣ ታናሽ ወንድም አለህ። ባትሪውን አውጣና ነገ ሱቅ አምጣው። ሕግ አያስፈልግህም።

እንግዳ፦ ሰላም አባ። የቪትዝ ቁልፍ ኮፒ ስንት ትሠራለህ?

አባ ራዲዮ፦ መጀመሪያ ምን ብዬ ነበር?

እንግዳ፦ የራሴ መኪና ነው እኮ።

አባ ራዲዮ፦ ይሆናል። እኔ ግን አላውቅህም። መኪናውንም ሊብሬውንም ይዘህ የሚሠራ ቤት ሂድ።

የሆቴሉ ዘበኛ፦ አባ፣ የእኛ ዎኪ ቶኪ አራት ወር ሆነው። አልደረሰም?

አባ ራዲዮ፦ አልደረሰም። የተቆረጠው የአንቴናው ሽቦ ነው፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። ሳልነካው መደርደሪያ ላይ አለ። አለቃህ የፈቃዱን ወረቀት ይስጥህ፣ ይዘህ ና፣ እዚያው ቆመህ እሠራልሃለሁ።

የሆቴሉ ዘበኛ፦ ወረቀቱ ጠፍቷል ይላሉ።

አባ ራዲዮ፦ እንግዲያው ይቆያል። ሱቅ ልዘጋ ነው።