ስለ ወላጆች ሥነ ልቦናዊ ቁጥጥር መለኪያ ለቀረበው ጥያቄ

«በ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የወላጆችን ሥነ ልቦናዊ ቁጥጥር ልለካ ነው፤ የትኛውን መጠይቅ ልጠቀም? የሚሞላውስ ወላጁ ነው ወይስ ልጁ?» ብለው ለጠየቁት እህታችን፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ ስሠራ ያየሁትን ላካፍል። ሥነ ልቦናዊ ቁጥጥር ማለት ወላጅ በኩርፊያ፣ በወቀሳና በመሳሰሉት የልጁን ስሜትና ሐሳብ ለመቆጣጠር መሞከሩ ነው።

ልጁ ቢሞላው ይሻላል። እኔ ሁለቱንም አስሞልቼ ነበር፤ ነገር ግን ልጁን በኩርፊያ የሚቀጣ ወላጅ ራሱን የሚያየው እንደ ተቆርቋሪ ስለሆነ መልሱ ብዙም አልጠቀመኝም። ተመራማሪው ብራያን ባርበር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተመው መለኪያ 8 ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ ልጁ ስለ እናቱና ስለ አባቱ ለየብቻ ከ«እንዲህ አይደለችም» እስከ «በጣም» ባሉ 3 ደረጃዎች ይመልሳል፤ የሚጠይቀውም ንግግሩን ስለ ማቋረጥ፣ የቆየ ጥፋት እያነሱ ስለ መውቀስ፣ በሐሳብ ሲለይ ፊት ስለ መንሳትና ስለመሳሰሉት ነው። «የት ዋልክ? ከማን ጋር ነበርክ?» ማለት ግን የባህርይ ቁጥጥር (የልጁን ውሎና ድርጊት መከታተል) ስለሆነ በሌላ መጠይቅ ይለካል፤ የመጀመሪያ ረቂቄን ያበላሸሁት ሁለቱን ደባልቄ ነው። ትኩረትዎ በትምህርት ውጤት ጫና ላይ ከሆነ፣ ተመራማሪው ባርት ሱነንስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት መለኪያ ለውጤት ሲባል የሚደረገውን ቁጥጥር ልጅን ከጉያ ላለማውጣት ከሚደረገው ለይቶ ያሳያል።

ከምርጫው ይልቅ ያደከመኝ መጠይቁን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መተርጎሙ ነው። «ካስቀየምኳት እናቴ እኔን ማነጋገር ታቆማለች» የሚል ዓረፍተ ነገር ለሙከራ ሳቀርብ፣ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ «እናቴ እንዲህ አይደለችም» በሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ምክንያቱን ስጠይቃት፣ «ዝም አትልም፤ ምሳ ስታቀርብ ለታናሽ እህቴ ‹ትብላ በያት› ትላታለች» አለችኝ። በሦስተኛ ሰው ማናገር ለእርሷ ማነጋገር ነበር! «ታኮርፈኛለች» ብዬ ሳርመው ግን ሳታመነታ «በጣም» አለች። ስለዚህ ተርጉሞ በሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ማስመለስ አይበቃም፤ ጥቂት ልጆችን አስቀምጠው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በራሳቸው ቃል ያስነግሯቸው። አባቱን አንቱ ለሚል ልጅ «ያቋርጠኛል» ብሎ መጻፍም መልሱን ያስቸግረዋልና «ያቋርጡኛል» የሚል ቅጂ ያዘጋጁ።

መጠይቁን ወደ ቤት አይላኩ። እኔ ከላክኋቸው መካከል በሁለት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ተሞልተው የተመለሱ ነበሩ፤ በክፍል ውስጥ፣ ስም ሳይጻፍ፣ መምህሩ ወጥተው ቢሞላ ይመረጣል።