ጥያቄና መልስ፦ ጥርስ ሲታይ አፍም ይታይ

አንዲት አንባቢ ጥርሳቸውን ሊያሳጥቡ ሄደው ሳለ ሐኪሟ ምላሳቸውን በጎዝ ይዛ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንደሳበችው፣ ከሥሩም በጣቷ እንደዳሰሰች ገልጸው፣ ይህ ከጥርስ እጥበት ጋር ምን እንደሚያገናኘው ይጠይቃሉ።

ሐኪምዎ ሥራዋን በሚገባ ሠርታለች። የአፍ ካንሰር አዘውትሮ የሚነሣው ከምላስ ጎንና ከምላስ ሥር ሲሆን፣ ሁለቱም ምላስ ተይዞ ካልተነሣ በቀር በደንብ አይታዩም። ከንፈር፣ ጉንጭ፣ ድድና ላንቃ ታይተው፣ አንገትም እብጠት እንዳይኖረው ተዳስሶ የሚያበቃው ምርመራ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል።

አንድ አዛውንት ጥርሳቸው ስላለቀ ወደ ጥርስ ሐኪም መሄድ ቀርቶላቸው እንደሆነ ይጠይቃሉ።

አልቀረልዎትም፤ ካንሰሩ የሚነሣው ከጥርስ አይደለምና፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለዎት አውልቀው ይታዩ።

ለዓመታት ሲጋራ ያጨሱና መጠጥ የሚያዘወትሩ አንባቢ፣ ምላሳቸው ጎን ላይ ቢፍቁት የማይለቅ ነጭ ነገር ካዩ ሁለት ወር አልፏል። ስለማያማቸው ትተውታል፤ አሁን በምን እንደሚጉመጠመጡ ይጠይቁኛል።

መጉመጥመጡን ይተዉትና ዛሬውኑ ቀጠሮ ይያዙ። የአፍ ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ ስለማያም፣ «አላመመኝም» ማለት ከቶ መተማመኛ ሊሆንዎት አይገባም። እንዲህ ያለው ነጭ ነገር በአብዛኛው ካንሰር ሆኖ አይገኝም፤ ቀይ ወይም ነጭና ቀይ የተቀላቀለበት ከሆነ ግን ሥጋቱ ይበልጣል፤ ቁርጡም የሚታወቀው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር እንጂ በዓይን በማየት አይደለም። ሐኪሙ የሾለ ጥርስ ፈግፍጎት ይሆናል ብሎ ጥርሱን ቢያስተካክል መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልጠፋ ናሙና እንዲወሰድ ወይም ወደ አፍና መንጋጋ ቀዶ ሐኪም እንዲልክዎት አጥብቀው ይጠይቁ። ትምባሆና አልኮል ሲደራረቡ አደጋው ከሁለቱ ድምር ይበልጣል። በሕንድ ኬረላ ግዛት ተካሂዶ ውጤቱ በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመው ሰፊ ጥናትም፣ አፍን በዓይን መመርመር ሞትን መቀነሱ የታየው ትምባሆ ወይም አልኮል በሚጠቀሙ ሰዎች ላይ ነበር፤ ስለዚህ ምርመራው ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእርስዎ ነው።

ሌላ አንባቢ ሐኪም ቤቱ በልዩ ብርሃን ልመርምርዎት ስላላቸው ጨምረው ይክፈሉ እንደሆነ ጠይቀዋል።

ብርሃኑ ናሙናን አይተካም።

በመጨረሻም ሲጋራም መጠጥም ቀምሰው የማያውቁ አንባቢ ጉዳዩ እንደማይመለከታቸው ጽፈዋል።

ይመለከትዎታል፤ ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ በቶንሲልና በምላስ መነሻ ላይ ካንሰር ያስከትላል። እነዚህ ቦታዎች ከጥርስ ሐኪም ወንበር በሚገባ ስለማይታዩ፣ አንገትዎ ላይ ሳያምም የሚቆይ እብጠት ካገኙ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ይሂዱ፤ ለነገ አያሳድሩት።