ጥያቄና መልስ፦ ከመብራት መሃል ጋላክሲ ማንሳት

ዝናቡ ቆሞ የጎንደር ሰማይ ከጠራ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፦ መብራት ከከበበው ግቢ ሆኖ ሩቅ ጋላክሲዎችን በካሜራ ስለማንሳት።

«ማራኪ እኖራለሁ። ከአጥሬ ውጭ የመንገድ መብራት አለ። ካሜራዬን ኮከብ በሚከታተል ባለ ሞተር ማቆሚያ ላይ አድርጌ ለሁለት ደቂቃ ያነሳሁት ፎቶ ነጭ ሆኖ ወጣ። ከከተማ መውጣት አለብኝ?»

የለብዎትም። የከተማው ብርሃን የጋላክሲውን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ካሜራዎ ውስጥ ሁለቱም ገብተዋል። እያንዳንዱን ፎቶ ወደ 20 ሴኮንድ ያሳጥሩና ብዛቱን ይጨምሩ፤ ሁለት መቶ፣ አምስት መቶ ያድርሱት። ከዚያ ሲሪል በተባለው ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይደራርቧቸው። አሸዋ የተበተነበት የሚመስለው ዝብርቅርቅ ከፎቶ ፎቶ ይለዋወጣል፤ ጋላክሲው ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ፎቶው አራት እጥፍ ሲበዛ ዝብርቅርቁ በግማሽ ይቀንሳል። ጨለማ ገጠር ውስጥ በአንድ ሰዓት የሚገኘው ከከተማ ብዙ ሌሊት ሊፈጅ ይችላል፤ ይህን አልደብቅዎትም። መብራቱ በቀጥታ ሌንሱ ላይ እንዳያርፍ ደግሞ ገመድ ወጥረው ጋቢ ይስቀሉ። በእኔ ግቢ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይኸው ጋቢ ነው።

«የከተማ ብርሃን የሚያጣራ ፊልተር ልግዛ?»

ለጋላክሲ ከሆነ አይግዙ። የቢጫዎቹ የሶዲየም መብራቶች ብርሃን በጥቂት ቀለማት የተወሰነ ስለነበር ፊልተር ያግደው ነበር። ነጩ ኤልኢዲ ግን በሁሉም ቀለም ያበራል፤ የቢሊዮን ከዋክብት ድምር የሆነው የጋላክሲ ብርሃንም እንዲሁ። አንዱን ሲያግዱ ሌላውም ይታገዳል።

«የአዘዞ ተማሪ ነኝ። ማቆሚያውን ለማስተካከል የሰሜን ኮከብ ያስፈልጋል ይባላል፤ ፈልጌ አጣሁት።»

ከፍ አድርገህ ስለምትፈልግ ነው። ኮከቡ ከአድማስ የሚነሣው በምትቆምበት ኬክሮስ ልክ ነው፤ ለእኛ 12.6 ዲግሪ ገደማ። እጅህን ዘርግተህ ጡጫህን አድማሱ ላይ አስቀምጥ፤ እሱ 10 ዲግሪ ያህል ነው። ኮከቡ ከጡጫህ ትንሽ ከፍ ብሎ ይገኛል። ኮረብታ ወይም የጎረቤት ቤት ከጋረደህ በኮምፓስ ሰሜንን ያዝ፤ ለአጫጭር ፎቶዎች ይበቃል።

«ፎቶዬ ላይ ክብ ክብ ጥላ ይታያል።»

አቧራ ነው። ጎህ ሲቀድ ነጭ ነጠላ አጥፈው ሌንሱ ላይ ይወጥሩ፤ የሌንሱን ትኩረት ሳይነኩ ወደ ሰማይ አዙረው 20 ያህል ፎቶ ያንሱ። ፕሮግራሙ በእነዚህ ጥላውን ያስተካክለዋል።

«መቼና የትኛውን ላንሳ?»

በኅዳር አንድሮሜዳን፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በስተሰሜን ከፍ ብሎ ይገኛል፤ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው ሚያዝያን ነው። በወሩ አጋማሽ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲሆን ከ1,000 በላይ ጋላክሲዎች የያዘው የሰንቡላ ክምችት በጎንደር አናት ላይ ያልፋል። በመካከሉ ያለው ኤም 87 ልክ ከራሳችን በላይ ካለው ነጥብ የሚርቀው ከጨረቃ ስፋት ባነሰ ነው። የጥቁር ጉድጓዱ ምስል በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ለዓለም የታየው የዚሁ ጋላክሲ ነው። አናት ላይ የአየሩ ውፍረት ትንሽ፣ የከተማው ብርሃንም ደካማ ነው፤ ስለዚህ 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ እንኳ በአንድ ጊዜ ከደርዘን በላይ ጋላክሲ ይይዛል። ጨረቃ የሌለችበትን ሰሞን ይምረጡ፤ ባትሪዎንም ሞልተው ይጠብቁ፤ ያን ሌሊት የሰፈሩ መብራት ከጠፋ አንድም ደቂቃ አያባክኑ።