ዲላ ደረሰኝ፣ መሄጃ ግን የለኝም

ከኩታበር የጻፈችልን ልጅ የ2017ን የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፋለች። ከ600 ያመጣችው 331 ነው። ድልድሉ ሲወጣ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። አባቷ በሕይወት የሉም። እናቷ በገበያ ቀን ሽንኩርትና ቃሪያ ሸጠው ነው ቤቱን የሚያስተዳድሩት። «ዲላ ሩቅ ነው፣ የመሳፈሪያም የለንም። ደሴ አክስቴ ቤት ሆኜ የግል ኮሌጅ ነርሲንግ ብማርስ? ክፍያው በየወሩ ነው። እማዬ ደግሞ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዕዳ ውስጥ ይከታል ትላለች» ብላለች። ያላለፈ ወንድምም አላት።

አብሽሪ እህቴ። መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ! በዚያ ዓመት ማለፊያውን 50 በመቶ ያመጣው ከተፈታኙ 8.4 በመቶው ብቻ ነው። ስለዚህ የያዝሽው ቦታ እንዲሁ የሚለቀቅ አይደለም። የእኔ ምክር አጭር ነው፤ ዲላ ሂጂ።

ደሴ ቅርብ ስለሆነ ርካሽ ይመስላል። እስቲ ከእጅ የሚወጣውን ብር ቁጠሪ። የኮሌጁ ክፍያ ወር በመጣ ቁጥር ይጠየቃል፤ ገበያ ቀዘቀዘ፣ እናት ታመመች አይባልም። የባጃጁ፣ የጋውኑ፣ የኮፒው ሌላ ነው። አክስትሽም ቢሆኑ ለአራት ዓመት አፍ መጨመር ቀላል አይሆንላቸውም። ሦስተኛ ዓመት ላይ ክፍያ አቅቷቸው ያቋረጡ ልጆች ይመጡብኛል። ብሩ ወጥቷል፣ ዲግሪው የለም። ዲላ ግን መኝታው፣ ምግቡና ትምህርቱ ዛሬ ከእናትሽ መቀነት አይወጣም።

የእናትሽ ስጋት ግን መሠረት አለው። ከ1996 ጀምሮ የሚሠራበት የወጪ መጋራት የሚባል ውል አለ። ስትመዘገቢ ትፈርሚያለሽ። ደንቡ ሲወጣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲሸፍን ነበር። የሚከፈለው ግን ተመርቀሽ ሥራ ስትይዢ ከደመወዝሽ እየተቆረጠ ነው። የእናትሽን በግ ወይም ቤት አይነካም። ይህንን ቁጭ ብለሽ አስረጂያቸው። አንቺ ደግሞ ቅጹን ሳታነቢ አትፈርሚ፣ ኮፒውንም አስቀምጪ። ስትመረቂ ኦሪጅናል ዲግሪሽን ለማውጣት የወጪ መጋራቱ ጉዳይ መጠየቁ አይቀርም።

ነርስነቱም አልቀረብሽም። ዲላ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅም ሪፈራል ሆስፒታልም አለው። መጀመሪያ የፍሬሽማን ኮርሶች ትወስጃለሽ፣ ከዚያ ዲፓርትመንት ትመርጫለሽ። ምርጫው በውጤት ስለሆነ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ መላላት የለም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ። አንቺን የያዘሽ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ አይደለም፤ መሳፈሪያ፣ ብርድ ልብስና የመጀመሪያዎቹ ወራት የኪስ ገንዘብ ነው። ይህ ደግሞ የሚለመን እንጂ የሚታፈርበት ነገር አይደለም። የእናንተ ቅሬ (ዕድሩ) ለቀብር ብቻ ነው ያለው ማነው? እናትሽ ለቅሬው ዳኛ ይንገሩ። የተማርሽበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርም ጋ ሂጂ፤ ብዙ ጊዜ መምህራን አዋጥተው ልጅ ይሸኛሉ። መስጊዱን ወይም ቤተ ክርስቲያኑን አትርሺ። «እርዱኝ» ብቻ አትበዪ፤ የሚያስፈልግሽን በዝርዝር ጽፈሽ ያዢ። ሰው ብርድ ልብስ እገዛለሁ ማለት ይቀለዋል።

ዝርዝሩን ዩኒቨርሲቲው ጥሪ ሲያወጣ ታገኚዋለሽ። አብዛኛውን ጊዜ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ከ9 እስከ 12 ትራንስክሪፕት፣ ኦሪጅናልና ኮፒ ይላል። የፋይዳ መታወቂያ ካላወጣሽ ከአሁኑ አውጪ። የጥሪውን ቀን እንዳታሳልፊ፤ ሳትመዘገቢ ከቀረሽ ቦታው ሊያመልጥሽ ይችላል። መንገዱ ከደሴ እስከ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ በሐዋሳ አድርጎ ዲላ። ብቻሽን አትሂጂ። ከደሴና ከኮምቦልቻ ዲላ የደረሳቸውን ልጆች በቴሌግራም ፈልጊና አብራችሁ ተሳፈሩ።

ከመሄድሽ በፊት ቀበሌ ሄደሽ የቤተሰብሽ አቅም ዝቅተኛ መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ አጽፊ። እዚያ ስትደርሺ ለተማሪዎች ዲን ቢሮና ለሴቶች ጉዳይ ክፍል አሳዪ። አቅም ለሌላቸው ሴቶች የኪስ ገንዘብ፣ ሞዴስ ወይም ቲቶሪያል የሚሰጡት እነዚህ ናቸው። የተማሪዎች በጎ አድራጎት ክበብም ደብተርና ልብስ ይሰጣል። ያለው ድጋፍ ለሁሉም ስለማይበቃ በመጀመሪያው ሳምንት ሂጂ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጓደኞችሽ «ነን ካፌ እንሁን» ይሉሻል። የምግቡን ብር በእጅ ተቀብሎ ውጭ መብላት ማለት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት አትሞክሪው። ብሩ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል፣ ከዚያ ለእናትሽ ትደውያለሽ። የካፌው ሽሮ ቢሰለችም ቀን አይዘልም።

«ስኮላርሺፕ አስጨርሳለሁ፣ የፎርም መሙያ ላኪ» የሚል ሰው በቴሌግራም ከመጣብሽ ብሎክ አድርጊው። እውነተኛ ስኮላርሺፕ የለም ማለቴ አይደለም። ለምሳሌ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በተለይ አካል ጉዳት ላለባቸው ወጣቶች የሚሰጠው አለ። እንዲህ ያለው ማስታወቂያ በተቋሙ በራሱ ገጽ ላይ ይወጣል፣ በደላላ አይመጣም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ደሴ ከቀረሽ፣ ቢያንስ ሳትከፍዪ በፊት የትምህርትና ስልጠና ባለሥልጣንን ጠይቂ። እውቅና የሚሰጠው በየትምህርት ዘርፉና በየካምፓሱ ነው። ኮሌጁ ለአካውንቲንግ እውቅና አለው ማለት ለነርሲንግ አለው ማለት አይደለም። ከ2015 ጀምሮ የግሉም የመንግሥቱም ተመራቂ የመውጫ ፈተና ማለፍ ስላለበት፣ የኮሌጁ ተማሪዎች ስንቱ እንዳለፉ በግልጽ ጠይቂ። መልሱን ካድበሰበሱብሽ ውጪ።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ ውጤቱን አልጻፍሽልኝም። ለሪሚዲያል (ማለፊያውን ላላመጡ ለሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) የሚበቃ ከሆነና በመንግሥት ከተመደበ ይግባ። ካልሆነ ደሴ ወይዘሮ ስህን ፖሊ ቴክኒክ ወይም ኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ አለለት። እጁ ብረት ወይም ኤሌክትሪክ የሚወድ ከሆነ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ስለሆነ የልምምድ ቦታ ለመፈለግ ይመቸዋል። ምዝገባው ሲከፈት ራሱ ሄዶ ይጠይቅ፤ አንቺ በዚያ ሰዓት ዲላ ነሽ።