ያገለገለ ፓወር አምፕሊፋየር ልትገዙ ነው? ጥያቄያችሁና መልሴ፣ ከጅማ

የሰርግ ወቅት ሲቃረብ ስልኬ በአንድ ጥያቄ ይሞላል። "ያገለገለ አምፕሊፋየር አግኝቻለሁ፣ ልግዛው?" አምፕሊፋየር ማለት ድምፁን አጉልቶ ስፒከሩን የሚያስጮኸው ማሽን ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ ጥያቄያችሁን ላኩልኝ አልኩ፣ ላካችሁ። ጅማና አካባቢዋ ለሰርግ፣ ለምርቃት፣ ለስብሰባ ሞንታርቦ ስዘረጋ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የማውቀውን ሳልሰስት እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ መርካቶ አንድ አየሁ። ፊቱ ላይ 5000 ዋት ይላል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። እውነት ያን ያህል ያወጣል?

አያወጣም ወንድሜ። እስቲ አብረን እናስላው። የቤታችን ሶኬት 220 ቮልት ነው። 10 አምፔር ቢስብ እንኳ 2200 ዋት ነው፣ ታዲያ ያለማቋረጥ 5000 ከየት ይመጣል? የፊቱን ጽሑፍ ተወውና ጀርባውን አንብብ። የምትፈልገው በአንድ ቻናል (በአንዱ የድምፅ መውጫ)፣ በ8 ኦም እና በ4 ኦም (ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው መከላከል መለኪያ ነው) የሚሰጠውን አርኤምኤስ፣ ማለትም ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ዋት ነው። ለምሳሌ ኪውኤስሲ አርኤምኤክስ 2450 የሚባለው አምፕሊፋየር ስሙ ትልቅ ቁጥር ቢይዝም በ4 ኦም በአንድ ቻናል የሚሰጠው 750 ዋት ነው። ያ ደግሞ የምር 750 ነው፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ያስጨፍራል።

ሻጩ ከፈቀደ ክዳኑን አስከፍትና የመውጫ ትራንዚስተሮቹን ቁጠር። ብዙ ጊዜ ሲ5200 እና ኤ1943 የሚባሉት ጥንዶች ናቸው። እያንዳንዳቸው ቢበዛ 150 ዋት ሙቀት እንዲችሉ የተሠሩ ናቸው፣ ያውም ኦሪጅናል ከሆኑ። በአንድ ቻናል ሁለት ጥንድ ብቻ ይዞ 2500 ዋት እሰጣለሁ የሚል ማሽን ውሸቱን ነው።

ጥያቄ፦ ሻጩ ዘፈን ከፍቶ አሰማኝ፣ ድምፁ ጥሩ ነው። ይበቃል?

አይበቃም። እኔ በዚህ ተጎድቻለሁ። ከዓመታት በፊት ሱቅ ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል አሳምሮ የዘፈነ አምፕሊፋየር ገዛሁ። ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ የፕሮቴክት መብራቱ (ማሽኑ ራሱን ከጉዳት ሲያቋርጥ የሚበራው) ቀይ በራና ድምፁ ጭጭ አለ። ዘመድ አዝማድ በጭብጨባና በእልልታ አስገባቸው፣ እኔ ግን የሙሽራዋን እናት ፊት ዛሬም አልረሳውም። በኋላ ስከፍተው ፋኑ አቧራ ጠግቦ አይዞርም። ቀዝቃዛ ሲሆን ይሠራል፣ ሲግል ይሞታል።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ አሽትተው። የተቃጠለ ነገር ሽታ ክዳን ውስጥ ቶሎ አይጠፋም። ብሎኖቹን እይ፣ ጥርሳቸው ተበልቶ ከሆነ ብዙ እጅ ገብቶበታል። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች አናታቸው ካበጠ ዕድሜያቸው አልቋል። ከዚያ ቴክኒሻን ይዘህ ሂድና፣ ባለ 100 ዋት የድሮውን ባለክር አምፖል ከመብራት ገመዱ ጋር በሲሪዝ (መብራቱ በአምፖሉ አልፎ ወደ ማሽኑ እንዲገባ) አያይዞ ያብራው። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ጥሩ ነው፣ እንደደመቀ ከቀረ ግን ውስጡ ሾርት አለና ተወው። ቀጥሎ አምፖሉን አንስቶ፣ ስፒከር ሳይሰካ፣ ቮሊዩሙን ዜሮ አድርጎ መውጫውን በቴስተር ዲሲ (ቀጥተኛ ቮልቴጅ) ይለካ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ እሰየው። አንድ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ግን ስፒከርህን አታስጠጋው፣ ኮይሉን ያቃጥለዋል።

ይህን ካለፈ በኋላ ነው ዘፈኑ። የራስህን ስፒከር ይዘህ ሂድ፣ ሁለቱንም ቻናል ጫንና ባስ ባለው ዘፈን ቢያንስ አንድ ሰዓት አስጩኸው። ፋኑ ይዞር፣ ክዳኑ ይሙቅ፣ ድምፁ ግን አይቆራረጥ። አንድ ሰዓት መጠበቅ የሚያስከፋው ሻጭ ካለ ሌላ ሻጭ ፈልግ።

ጥያቄ፦ እህቴ ከአሜሪካ አንድ ልትልክልኝ ነው። ችግር አለው?

ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በቀጥታ 220 ላይ ከሰካኸው ይቃጠላል። የቮልቴጅ መቀየሪያ ካለው ግን ቀይረህ ትጠቀማለህ። ሳትልከው በፊት የጀርባውን ፎቶ አስልክ።

ጥያቄ፦ አጋሮ ነኝ። ባለ 300 ዋት አርኤምኤስ፣ ባለ 8 ኦም ሁለት ስፒከር አለኝ። ስንት ዋት ልግዛ? ብሪጅ ባደርገውስ?

በ8 ኦም በአንድ ቻናል ከ450 እስከ 600 ዋት የሚሰጥ ፈልግ። ትርፉ እንድታስጮኸው ሳይሆን ማሽኑ እንዳይጨናነቅ ነው። አቅም ያጠረው አምፕሊፋየር ክሊፕ እያደረገ፣ ማለትም ከአቅሙ በላይ ተገፍቶ ድምፁን እየቆረጠ ሲሠራ መጀመሪያ የሚቃጠለው ትዊተሩ፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር ነው። ዋት እጥፍ ስለሆነ ድምፅ እጥፍ አይሆንም፣ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለዚያ ብለህ ገንዘብህን አትጨርስ። ብሪጁን፣ ሁለቱን ቻናል አጣምሮ እንደ አንድ መጠቀሙን፣ ተወው። ሁለቱን ስፒከር በፓራሌል (ጎን ለጎን) ብታያይዝ 4 ኦም ይሆናሉ፣ በብሪጅ ደግሞ እያንዳንዱ ቻናል 2 ኦም እንደተጫነበት ይቆጥረዋል። ያገለገለ ማሽን ላይ ይህን አላደርግም።

ጥያቄ፦ ለእድራችን ልንገዛ ነው። የድሮው ከባዱ ይሻላል ወይስ አዲሱ ቀላሉ?

አባቴ፣ እርስዎ ዘንድ ቢበላሽ ማን ይሠራዋል? ይህን ያስቡ። አዲሱ፣ ክላስ ዲ የሚባለው ዓይነት፣ ለመሸከም ይቀላል፣ መብራትም ይቆጥባል። ነገር ግን ውስጡ በጥቃቅን ዕቃ የተሞላ ነው፣ ሲበላሽ ለሰፈር ጠጋኝ ያስቸግራል። ባለትልቅ ትራንስፎርመሩ ትራንዚስተሩ ተቀይሮ ይነሳል። ለእድር እኔ ከባዱን እመርጣለሁ። ከአዲስ አበባ የሚያስመጡት ከሆነ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነውና ጠፍጣፋ አስተኝተው፣ ፍራሽ ላይ አስጭነው ያምጡት። ትራንስፎርመሩ ሲንገጫገጭ ቦርዱን ይሰነጥቃል።

ጥያቄ፦ ገዝቼዋለሁ። እንዳይበላሽ ምን ላድርግ?

ስታበራ ሚክሰሩ ይቅደም፣ አምፕሊፋየሩ ይከተል። ስታጠፋ አምፕሊፋየሩን አስቀድም። መብራት በሄደ ቁጥር ወዲያው ማብሪያውን አጥፋና ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ። በጀነሬተር ከሆነ ሞተሩ ከተረጋጋ በኋላ ነው የምትሰካው። ክረምት ላይ መሬት ላይ አታስቀምጠው፣ የጅማ እርጥበት ቦርድ ላይ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ለወራት ሥራ ባይኖርህም በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሰዓት አብራው። ፋኑን ደግሞ ከእያንዳንዱ የሰርግ ወቅት በፊት ከፍተህ በብሩሽ ጥረግ።