«ተማሪዎቹ ግን አልተናገሩም»

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ከተመረቅኩ አንድ ዓመት አለፈኝ። በእንግሊዝኛ መምህርነት ለመቀጠር ሁለት ትምህርት ቤቶች ተወዳድሬ፣ የጽሑፍ ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም አልፌ በማሳያ ትምህርቱ ላይ ወደቅኩ። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ምክንያቱን አልነገረኝም። የሁለተኛው ገምጋሚ «እንግሊዝኛሽ ያማረ ነው፤ ተማሪዎቹ ግን አልተናገሩም» አሉኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስተኛ ቦታ እቀርባለሁ። ርዕሱ ያለፈ ጊዜ ግስ ነው፤ የተሰጠኝ 30 ደቂቃ ነው። ያለፈውን የትምህርት ዕቅዴን አያይዣለሁ። እንግሊዝኛዬን ላጠናክር? ሴልታ የሚባለውን የእንግሊዝኛ መምህርነት የምስክር ወረቀት ልውሰድ? ወይስ ሙያ ልቀይር?

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው ሦስቱንም ተዪያቸው። ዕቅድሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከ30 ደቂቃው 22ቱ «መምህሯ ታብራራለች» በሚለው ዓምድ ሥር ነው የተመዘገበው። ማብራሪያው ራሱ እንከን አይወጣለትም። ነገር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ከሁሉም አብልጠሽ እንግሊዝኛ የተለማመድሽው አንቺ ነሽ፤ ልምምዱ የማያስፈልግሽም አንቺው ነበርሽ። ገምጋሚው የነገሩሽ ይህንኑ ነው። አብዛኞቹ ዝም ብለው ስለሚያሰናብቱ፣ እኚህን ሰው ባለውለታሽ አድርገሽ ቁጠሪያቸው።

እስኪ አብረን እናስላ። 40 ተማሪ ባለበት ክፍል የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አለሽ እንበል። ግማሹን አንቺ ብትወስጂና በቀሪው 20 ደቂቃ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ እያስነሣሽ ብታናግሪ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሳቸው 30 ሰከንድ ነው። እጅ ያወጣ ይናገር ካልሽማ አምስት ስድስት ደፋሮች ይጨርሱታል። ሁለት ሁለት አድርገሽ 10 ደቂቃ ብቻ ብታነጋግሪያቸው ግን እያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ያህል ይናገራል፤ ዐሥር እጥፍ ማለት ነው። ክፍሉ ይንጫጫል፤ ይንጫጫ። እኔ በጀማሪነቴ ጫጫታ ፈርቼ ዓመት ሙሉ ጸጥ ባለ ክፍል አስተማርኩ። አለቆቼ አመሰገኑኝ፤ ተማሪዎቼ ግን ዓመቱ ሲያልቅም አንድ ዓረፍተ ነገር አውጥቶ ለመናገር ያፍሩ ነበር።

ሁለት ሁለት አድርጎ ማስቀመጥ ብቻውን አያናግርም። «ተወያዩ» ሲባሉ ሁለቱም የሚያውቁት ነገር ከሆነ የሚነጋገሩበት ምክንያት የለም፤ ወዲያው ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው ዞረው ሌላ ወሬ ይይዛሉ። አንዱ የያዘው መረጃ ለሌላው የሚያስፈልግ መሆን አለበት። ላንቺ ርዕስ ደግሞ የእንግሊዝኛ መምህራን ከሚያውቋቸው ጨዋታዎች ሁሉ የወንጀል ምርመራውን አስቀድማለሁ።

እንዲህ ነው። ትናንት ማታ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ከትምህርት ቤቱ አንድ ኮምፒውተር ተሰርቋል። ተማሪዎቹን አራት አራት አድርጊ፤ ሁለቱ ተጠርጣሪዎች፣ ሁለቱ መርማሪዎች። ተጠርጣሪዎቹ «በዚያ ሰዓት አብረን ነበርን» ብለው የት እንደሄዱ፣ ምን እንዳደረጉ በስድስት ደቂቃ ታሪክ ይፈጥራሉ። መርማሪዎቹ በዚያው ጊዜ ጥያቄ ያዘጋጃሉ። ከዚያ እያንዳንዱ መርማሪ አንዱን ተጠርጣሪ ለብቻው ይዞ ይጠይቃል፤ «ዌር ዲድ ዩ ጎ?»፣ «ዋት ዲድ ሂ ዌር?»። በመጨረሻ ሁለቱ መርማሪዎች ማስታወሻቸውን ያስተያያሉ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው «ሁ ፔይድ?» ሲባል ነው፤ ሂሳቡን ማን እንደከፈለ መስማማት ማንም ትዝ አይለውም። በዚህ ሁሉ መሀል ያለፈ ጊዜ ግስ በደርዘን ይወጣል፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈ ሕግ ስላለ ሳይሆን ታሪኩ ያለ እሱ ስለማይነገር።

ጨዋታው የሚበላሸው መመሪያው ላይ ነው። ወረቀት ከማደልሽ በፊት ተናግረሽ ጨርሺ፤ ወረቀት እጁ የገባ ተማሪ አይሰማሽም። ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይበቃሉ። ከአንድ ተማሪ ጋር አንድ ጥያቄና መልስ በፊታቸው አሳዪ። ከዚያ «ገባችሁ?» አትበዪ፤ መልሱ ምንጊዜም «አዎ» ነው። «መርማሪዎች፣ አሁን ታሪክ ትፈጥራላችሁ ወይስ ጥያቄ ትጽፋላችሁ?» በዪ።

የሰዋስው ፍቺንም በዚሁ መንገድ አረጋግጪ። «ሺ ሊቭድ ኢን ለንደን ፎር ቴን ይርስ» ብለሽ ጻፊና «አሁንስ ለንደን ናት?» ብለሽ ጠይቂ። ቀጥሎ «ሺ ሃዝ ሊቭድ» የሚለውን ከሥሩ አድርገሽ ያንኑ ጥያቄ ድገሚ። የመጀመሪያው «አይደለችም»፣ ሁለተኛው «ናት» ካስባለ ፍቺው ገብቷቸዋል፤ «ኖ» እና «የስ» የሚሉት ሁለት ቃላት የሩብ ሰዓት ማብራሪያ ያስቀሩልሻል።

ጥያቄ ስትጠይቂ ደግሞ ታገሺ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሳይንስ ክፍሎች ባደረገችው ጥናት መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፍ ሲያደርጉት መልሶቹ ረዘሙ፤ ሳይጠሩ የሚመልሱ ተማሪዎችም በዙ። በሳይንስ እንዲህ ከሆነ፣ መልሱን በባዕድ ቋንቋ መገጣጠም ለሚኖርበት ተማሪ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ገምቺ። በገምጋሚ ፊት ሦስት ሰከንድ ዝምታ ዘላለም ይመስላል፤ በልብሽ ቁጠሪ። ስም የምትጠሪውም ጥያቄውን ከጨረስሽ በኋላ ይሁን። አስቀድመሽ ከጠራሽ ሌሎቹ 39 ተማሪዎች ያርፋሉ።

ስለ እርማት ዕቅድሽ ምንም አይልም፤ ገምጋሚዎች ግን እዚህ ላይ ዓይናቸውን ይተክላሉ። አንድ ተማሪ «የስተርደይ ሂ ጎ ሆም» ቢል ያብዛኞቻችን ልማድ «የስ፣ ሂ ዌንት ሆም፣ ጉድ» ብሎ ማለፍ ነው። ተማሪው የሚሰማው «ጉድ» የምትለዋን ነው። ተመራማሪዎቹ ሮይ ሊስተርና ሌይላ ራንታ በካናዳ ሁለተኛ ቋንቋቸው በሆነው በፈረንሳይኛ የሚማሩ የአንደኛ ደረጃ ልጆችን ክፍሎች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ጽሑፍ ይህንኑ ያሳያል። መምህራኑ ከሰጡት ምላሽ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስሕተቱን አስተካክሎ መድገም ነበር፤ ተማሪው ራሱ ተመልሶ እንዲያርም ከማድረግ አንጻር ግን ከሁሉም ደካማው ሆኖ ተገኘ። አንቺ «የስተርደይ ሂ...» ብለሽ ድምፅሽን ከፍ አድርጊና ቁሚ። «ዌንት» የሚለው ቃል ከእሱ አፍ ይውጣ። ምርመራው ሲጧጧፍ ግን ማንንም አታቋርጪ። ማስታወሻ ይዘሽ በጠረጴዛዎቹ መካከል ተመላለሺ፤ የሰማሽውን አራት አምስት ስሕተት ስም ሳትጠሪ ሰሌዳ ላይ ጽፈሽ በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ክፍሉ ራሱ እንዲያርም አድርጊ።

በአፍ መፍቻ ቋንቋ ምንም አትናገሩ የሚለውን ጥብቅ ሕግ እኔ አልወደውም። የከበደ ቃል በአንድ ትርጉም ከተፈታ የአምስት ደቂቃ ምልክትና ሥዕል ምን ይረባል? የዕለቱን ትምህርት በሙሉ መተርጎም ግን ሌላ ነገር ነው። ዕቅድሽ ላይ ያሉትን 18 አዳዲስ ቃላት ደግሞ ወደ ስድስት አውርጂ፤ ሐሳባቸው ግሱ ላይ ይሁን።

ወደ ሴልታ ልመለስ። የካምብሪጅ የምስክር ወረቀት ነው፤ 120 ሰዓት ያህል የሚፈጅ ሲሆን ከዚህ ውስጥ ስድስቱ ሰዓት በገምጋሚ ፊት እውነተኛ ተማሪዎችን ማስተማር ነው። አቅሙ ሲኖርሽ ውሰጂው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን አይደርስልሽም። የሚደርስልሽ ያ በሰው ፊት የማስተማር ልምምድ ነው። አራት ጓደኞችሽን ሰብስቢና ትምህርቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስተምሪያቸው፤ በስልክሽም ቅጂው። ከዚያ ቁጭ ብለሽ ያንቺ ድምፅ የተሰማበትን ደቂቃ ብቻ ቁጠሪ። ከ12 ካለፈ ከማብራሪያው ላይ ቁረጪ፤ ከጨዋታው ላይ ግን አንዲት ደቂቃ እንዳትነኪ።

ትምህርቱ እንዳለቀ «እንደገና ብታስተምሪው ምን ትቀይሪያለሽ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። «ምንም» ማለት በቀጥታ የሚጥል መልስ ነው። በደፈናው «ጊዜ አነሰኝ» ማለትም አይረዳሽም። «ሦስተኛው ቡድን ውስጥ አንደኛዋ ተጠርጣሪ በአንድ ቃል ብቻ ስትመልስ አይቻለሁ፤ በሚቀጥለው የዓረፍተ ነገር መነሻ የተጻፈበት ካርድ እሰጣታለሁ» የምትል አመልካች ግን ተማሪዎቿን ስታይ እንደነበር ታስመሰክራለች። ይህንን ለመናገር በዚያ ሰዓት ማስታወሻ መያዝ ይኖርብሻልና ደብተሩን እንዳትረሺ።

የጓደኞችሽን ልምምድ እንደጨረስሽ የደቂቃውን ቁጥር ጻፊልኝ።