የአንባቢያን ጥያቄ፦ «የአያቴ ምንሽር አሜሪካ ቢሆን ስንት ያወጣል?»

ባለፈው እትም አንድ ነገር ጣል አድርጌ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የቆየ ጠመንጃ የሚሸጡ ሱቆች ከኢትዮጵያ የሄዱ ውጅግራና ምንሽሮችን ደርድረው እየሸጡ ነው ብዬ። ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ከቢቸና፣ ከደንበጫ፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ዳር፣ ጭራሽ ከቨርጂኒያ ሳይቀር ደብዳቤ ጎረፈ። የአብዛኛው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ያወጣል?»

አስቀድሜ ልናገር። እዚህ የምጠቅሰው ዋጋ ሁሉ የአሜሪካ ነው። የእኛን አገር ዋጋ የጠየቃችሁኝ ሦስት ሰዎች አላችሁ። እሱን አልነካውም፤ ለምን እንደሆነም ታውቁታላችሁ።

«አያቴ ከጣሊያን የማረኩት ምንሽር ቤታችን አለ። አሜሪካ ያለ የአክስቴ ልጅ በስልክ ፎቶ ላከልኝ፤ ቁርጥ የእኛው ዓይነት ነው፣ 900 ዶላር ይላል። እውነት ይህን ያህል ያወጣል? መላክስ ይቻላል?» (ከቢቸና)

ወንድሜ፣ ከኋለኛው ልጀምር። አይቻልም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጁ፣ ቁጥር 1177/2012፣ ያለ ፈቃድ መያዝንም መሸጥንም ወንጀል አድርጎታል። በዚያ ላይ ዕቃው ታሪካዊ ከሆነ የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ይመጣል፤ ቅርስ እንደ በርበሬ ጠቅልለህ ለዘመድ የምትልከው ነገር አይደለም። የአክስትህ ልጅ «እኔ ጋ መንገድ አለ» ካለህ ስልኩን ዝጋው።

አሁን ወደ 900 ዶላሩ። እሱ ሻጩ የጻፈው ቁጥር ነው። ገበያ ወጥቶ በሬውን «መቶ ሺህ» ያለ ሁሉ መቶ ሺህ ይዞ አይመለስም አይደል? ዋጋ ማለት የተሸጠበት ነው። አሜሪካኖቹ ራሳቸው የተለጠፈውን ትተው በጨረታ ተሸጦ ያለቀውን ነው የሚያዩ።

ደግሞ ምንሽር የቱ ነው? ስሙ ማንሊከር ከሚለው እንደመጣ ነው የሚነገረው፤ እኛ ጋ ግን ረዘም ያለውን የጣሊያን ጠመንጃ ሁሉ ምንሽር እንለዋለን። ያንተ በ1928ቱ ወረራ የተማረከ ከሆነ ካርካኖ የሚባለው ሳይሆን አይቀርም፤ በ1891 በፈረንጅ የወጣ ሞዴል። ስድስት ጥይት ከነቆርቆሮ ማቀፊያው አንድ ላይ ይጎርሳል። በርሜሉ ላይ፣ ወደ ሰደፉ በኩል፣ ዘውድና «ቴርኒ» የሚል ጽሑፍ ፈልግ፤ የጣሊያን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ነው። አጠገቡ ዓመተ ምሕረት አለ። በሙሶሎኒ ዘመን የተሠራ ከሆነ ከዓመቱ ጎን ትንሽ የሮማውያን ቁጥር ልታይ ትችላለህ፤ ፋሽስቶቹ ሥልጣን ከያዙበት ከ1922 በፈረንጅ ጀምረው የራሳቸውን ዓመት ይቆጥሩ ነበር። 1935 የሚል ካለው ጎኑ 13 ይሆናል ማለት ነው። (ይህን የምነግርህ እንድታውቀው እንጂ እንድትፈታታው አይደለም።)

ጣሊያን ካርካኖን በሚሊዮን ነው ያመረተችው፣ ስለዚህ ብርቅ አይደለም። በዚያ ላይ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አሜሪካዊ አስመጪ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች ብዙ አሮጌ መሣሪያ ገዝቶ ወሰደ፤ ወጨፎ፣ አልቤን፣ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ፣ ምን ያልሄደ አለ! አንዳንዱ ሰደፉን ምስጥ የበላው፣ አንዳንዱ ማቀባበያው የሌለው። ብዙውን «እንዳለ ነው፣ መመለስ የለም» እያሉ በጥቂት መቶ ዶላር ቸበቸቡት። ዕቃ ሲበዛ ደግሞ ዋጋው ምን እንደሚሆን ለጤፍ ነጋዴ አይነገርም።

«ግን እኮ አያቴ የማረኩት ነው» ትለኛለህ። ገብቶኛል። ችግሩ ብረቱ አይናገርም። የቆየ ጠመንጃ ሰብሳቢ ወሬ አይገዛም፣ ወረቀት ነው የሚገዛ። ቢሊ ዘ ኪድ የተባለውን ሽፍታ የገደለበት የሸሪፍ ፓት ጋሬት ኮልት ሽጉጥ በ2021 በፈረንጅ፣ ቦንሃምስ በሚባለው አጫራች 6 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ያው ዓይነት ኮልት፣ ያው ፋብሪካ፣ ታሪክ የሌለው ሲሆን በሺዎች ብቻ ነው የሚቆጠረው። ልዩነቱን ያመጣው ከባለቤቱ ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበት ሰነድ ነው። የአያትህ የአርበኝነት ወረቀት አለ? ሜዳሊያቸው? ጠመንጃውን ትከሻቸው ላይ አድርገው የተነሡት ፎቶ? ካለ አንድ ላይ አስቀምጠው። እናትህ የምታውቀውንም ዛሬ ማታ ቁጭ ብለህ ጻፈው። የትኛው ጦርነት ላይ፣ ከማን ጋር፣ የትኛው ወንዝ ዳር። ነገ የሚነግርህ አታገኝም።

«አማቴ ትተውልን የሄዱት ጠመንጃ ፈቃድ ያለው ነው፣ ባለቤቴ ነው ያስመዘገበው። ልጄ ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ቫርኒሽ ልቀባው እያለ ነው። ያምርለታል ወይ?» (ከደንበጫ)

እትዬ፣ እጁን ይያዙልኝ!

እኔ ይህን ጥፋት በዓይኔ አይቻለሁ። አጎቴ የአባቱን ቤልጅግ ለጥምቀት ሊያሳምረው ብሎ ከጠዋት እስከ ማታ ሲፍቀው ዋለ። ልጅ ነበርኩ፤ ብናኙን በመጥረጊያ የጠረግኩት እኔ ነኝ። ሰደፉ ላይ በስለት የተቀረጹ ሁለት ፊደላት ነበሩ፣ የአያቴ ስምና የአባታቸው ስም መጀመሪያ። ማታ ላይ ሰደፉ እንደ መስታወት አበራ። ፊደላቱ ግን የሉም። አጎቴ አመድ መሰለ። ከዚያ በቢላ መልሶ ሊቀርጻቸው ሞከረ፣ እሱማ የባሰ ነው።

አሜሪካ ያለ ሰብሳቢ ቢሆን ያንን ጠመንጃ አገላብጦ አይቶ ዋጋውን ግማሽ ያደርገው ነበር። እነሱ ዘንድ ያረጀው የእንጨት ቀለም፣ የእጅ ወዙ፣ የፋብሪካው ማኅተም፣ ሁሉም የዕቃው አካል ናቸው። ክፍሎቹ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ዓይነት ከሆነ ዋጋ ይጨምራል፣ ከሌላ ጠመንጃ የተለቀመ ከሆነ ይወድቃል። አዲስ ቀለም የተነከረ ብረት ሲያዩ «ምን ሊደብቅ ነው?» ነው የሚሉት። እርስዎ ደረቅ ጨርቅ፣ ብረቱ ላይ ብቻ ስስ የማሽን ዘይት፣ ከዚያ ምስጥና እርጥበት የማይደርስበት ቦታ። በቃ። በቅቤ ማሸትም ይቅር፤ ቅቤው አይጥ ነው የሚጠራው።

«ትውልዴ ሞጣ ነው፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። እዚህ ከሱቅ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ገዛሁ፣ ሻጩ የኢትዮጵያ ነው አለኝ። አታለለኝ ይሆን?»

ሊሆንም ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። በርሜሉን በአጉሊ መነጽር እየው። ወደ አሜሪካ የገባ መሣሪያ፣ በጣም ጥንታዊ ካልሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የአስመጪው ስምና ከተማ ይታተምበታል። ሰብሳቢዎች ይህን ማኅተም ይጠሉታል፣ ዋጋም ይቀንሳል፤ ላንተ ግን የመጣበትን መንገድ ለመከተል ጥሩ መነሻ ነው። ቀጥሎ ሰደፉ። የእኛ ሰው የተሰነጠቀ ሰደፍ አይጥልም፣ በሽቦ ጠምጥሞ ወይ በጥሬ ቆዳ ሰፍቶ ይጠቀምበታል። የግዕዝ ፊደል የተቀረጸበትም ይገኛል። ቤልጅግ ከሆነና የንጉሠ ነገሥቱ ምልክት ከነቁጥሩ ካለበት ደግሞ እሰየው፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት ኤፍ ኤን ከሚባለው የቤልጅየም ፋብሪካ ለኢትዮጵያ ታዝዞ ከመጣው ነው፣ ምልክት ከሌለው መንትያው ይልቅ በጣም ይፈለጋል። ስለሚፈለግም አስመስሎ የሚያትም አይጠፋም። የማኅተሙ ጠርዝ አዲስ ከሆነና በዙሪያው ያለው ብረት ካረጀ ተጠራጠር።

ሕጉን መቼም አንተ ከእኔ ይልቅ ቅርብ ነህ፣ ግን ለሌላው አንባቢ ልንገር። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እስከ 1898 በፈረንጅ የተሠራ ጠመንጃ «ጥንታዊ» ይባላል፣ ሱቁም ፈቃድ አይጠየቅበትም። ውጅግራ በብዛት እዚህ ውስጥ ይገባል። 50 ዓመት ያለፈው ደግሞ ለሰብሳቢ ተብሎ የሚሰጥ የራሱ ፈቃድ አለው፣ ለሦስት ዓመት 30 ዶላር። ክፍለ ሀገሮቹ ግን የየራሳቸውን ሕግ ይጨምራሉ።

አንድ ነገር ብቻ፣ እባክህ። የገዛኸው የጣሊያን ቬተርሊ ከሆነ እንዳትተኩስበት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙዎቹን ወደ 6.5 ሚሊሜትር ጥይት ቀይረዋቸዋል። ጠመንጃው የተሠራው ለደካማ የጥቁር ባሩድ ጥይት ነበር፤ የተቀየረለት ጥይት ግን ኃይለኛ ነው። ግድግዳ ላይ ያምራል፣ እዚያው ይሁን።

«ያገለገለ ጠመንጃ የሚሸጡ የአሜሪካ ሱቆች ከሰው በግማሽ ዋጋ ነው የሚገዙ አሉ። ይሄ ዝርፊያ አይደለም? ንግዱስ አልሞተም ወይ?» (ከደብረ ማርቆስ)

ዝርፊያ አይደለም፣ ንግድ ነው። አንተ ልባሽ ጨርቅ ነጋዴ ብትሆን ቦንዳውን ሳትፈታ የመጨረሻውን ዋጋ ትከፍላለህ? ባለሱቁ ፈቃድ አለው፣ መዝገብ ይይዛል፣ ዕቃው ስድስት ወር መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥበት ይችላል፣ ገዢው ሲመጣ ተከራክሮ ያስቀንሰዋል። ስለዚህ ግማሽ ወይ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይገዛል። የማይፈልግ ሰው ሱቁ ውስጥ በአደራ ያስቀምጥና ሲሸጥ ኮሚሽን ይከፍላል፣ ወይ ጨረታ ይወስደዋል። ጨረታም ነፃ አይደለም፣ ከሻጭም ከገዢም ይቆርጣል።

አልሞተም፣ ግን ቀዝቅዟል። በኮሮና ዓመት፣ በ2020 በፈረንጅ፣ ሰው ፈርቶ ሱቁን ሁሉ ባዶ አደረገው። መሣሪያ ሊገዛ የመጣን ሰው ማንነት ኤፍ ቢ አይ ያጣራል። ይህ ማጣሪያ በ2019 ከ28 ሚሊዮን በላይ ነበር፣ በ2020 ወደ 40 ሚሊዮን ተጠጋ። (ማጣሪያው ሁሉ ሽያጭ ማለት አይደለም፤ ለፈቃድም ይደረጋል። አዝማሚያውን ግን ያሳያል።) በ2023 ተመልሶ 30 ሚሊዮን አካባቢ ወረደ። ያን ጊዜ ደንግጦ የገዛው ሰው አሁን የቤት ኪራይ ሲወደድበት ይዞት ወደ ሱቁ ይመለሳል። ባለሱቁ ደግሞ የዚያ ዓይነት ሃያ አለው። ተራው ያገለገለ መሣሪያ የወደቀው ለዚህ ነው።

የሰብሳቢው ገበያ ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ያለው ጉዳይ ዕድሜ ነው፤ የጠመንጃው ብቻ ሳይሆን የሰብሳቢውም። አርባ ዓመት ሙሉ የሰበሰበው ሽማግሌ ይሞታል፣ ልጆቹ አንዱን ከአንዱ አይለዩትም፣ ሙሉ ክፍል ዕቃ በአንድ ቀን ገበያ ላይ ይወጣል። መካከለኛው ዕቃ በዚህ ይጎዳል። ምርጡ ግን አይነካም፤ በ2018 በፈረንጅ አንድ ኮልት ዎከር ሽጉጥ ከነሣጥኑ 1.84 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ርካሹም ጠፍቷል። ከሃያ ዓመት በፊት ከመቶ ዶላር በታች የነበረው የሩሲያ ሞሲን ጠመንጃ ዛሬ በብዙ መቶ ነው፤ መጋዘኑ አለቀ፣ ከሩሲያ ማስገባትም ተከለከለ። ወጣቱ ደግሞ የሚገዛው በቪዲዮ ጌም ያየውን ነው። እንግዲህ ውጅግራ የሚወጣበት ጌም እስኪሠራ እንጠብቅ።

«ሣጥን ስንከፍት አባታችን የደበቁት የዛገ ጥይት ወጣ፣ ወደ ሠላሳ ይሆናል። እንጥለው?» (ከባሕር ዳር)

አትጣሉት፣ አታጽዱት፣ እሳት አታስጠጉት፣ ልጆች አይንኩት። ሣጥኑን እዚያው ትታችሁ ለፖሊስ አሳውቁ፤ በእጃችሁ ይዛችሁ አትሂዱ። በዚህ ጊዜ ጥይት በኪስ ይዞ መንገድ ላይ መገኘት ምን እንደሚያስከትል እኔ አልነግራችሁም።

«አባታችን አረፈ። ጠመንጃው ፈቃድ ነበረው። እኔ የበኩር ልጅ ነኝ፤ ታናሼ ግን የቀበረው እኔ ነኝ ይለኛል። የማን ነው?» (ከፍኖተ ሰላም)

ነፍስ ይማር። ለጊዜው የማናችሁም አይደለም። ፈቃዱ የአባታችሁ ነበር፣ ከእሳቸው ጋር አብቅቷል። ተጣልታችሁ ሽማግሌ ከመሰብሰባችሁ በፊት ሁለታችሁም አብራችሁ ለፖሊስ አሳውቁ፣ የሚሉትን ስሙ። የአርበኛ ዕቃ ከሆነ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱንም ጠይቁ። ሜዳሊያውንና ፎቶውን ግን ዛሬውኑ ተካፈሉ፣ ለእሱ ፈቃድ አያስፈልግም።

«ውጅግራ ለምን ውጅግራ ተባለ?» (ከደጀን)

ከፈረንሳይኛው ነው። ጠመንጃውን በ1874 በፈረንጅ ያወጣው ግራ የሚባል መኮንን ነው፣ እነሱ «ፉዚ ግራ» ይሉታል፣ ማለትም የግራ ጠመንጃ። አባቶቻችን ጆሯቸው እንደ ሰማው ውጅግራ አሉት። የእንግሊዙ ስናይደርም እንዲሁ ሰናድር ሆነ። ክላሽንኮቭ ሲመጣ ደግሞ ጊዜ አልነበረንም መሰል፣ ጅራቱን ቆርጠን ጣልነው።